ቴሌግራም ለቢዝነስ ተማሪዎች የቡድን ጥናት፦ ኩዊዙ ወርቅ፣ የፋይል ክምሩ ጠንቅ

አካውንቲንግ ወይም ማኔጅመንት የሚማር የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ፈተና ሲደርስ ከመጽሐፍ ቀድሞ የሚከፍተው ቴሌግራምን ነው። ሃንድአውቱ እዚያ ነው፣ ያለፉት ዓመታት ፈተና እዚያ ነው፣ የክፍል ተወካዩ ማስታወቂያም እዚያው ነው። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂ ኤግዚት ኤግዛም (የመውጫ ፈተና) ተፈትኖ 50 ከመቶ ማምጣት ስላለበት፣ የዓመታት ትምህርት በጥቂት ሳምንታት የሚከለስባቸው ግሩፖች በዝተዋል። እዚህ የምንገመግመው ስለ ትልልቆቹ የሺህ ሰው ቻናሎች አይደለም። አምስት ስድስት የክፍል ጓደኞች ተሰባስበው ለፈተና ሲዘጋጁ መተግበሪያው ምን ያህል ያግዛቸዋል የሚለውን ነው።

ፍርዳችንን ከወዲሁ እንናገር። እርስ በርስ ለመጠያየቅ ቴሌግራምን የሚያህል ነፃ መሣሪያ አናውቅም። ረጅም ስሌት አብሮ ለመሥራት ግን ደካማ ነው፤ ለዚያ ስፔስ (ለጥናት የሚገባበት ባዶ ክፍል) ገብቶ ሰሌዳ ላይ መሥራት ይሻላል። ፋይል ማከማቻ ሲሆን ደግሞ ካልተጠነቀቁለት ጉዳቱ ያመዝናል።

ከጥሩው እንጀምር። ግሩፑ ውስጥ የአባሪ ምልክቱን ነክተው «ፖል» የሚለውን ይመርጣሉ፤ ከታች ካሉት ማብሪያዎች «ኩዊዝ ሞድ»ን ያበራሉ። ጥያቄው እስከ 255 ፊደል፣ እያንዳንዱ ምርጫ እስከ 100 ፊደል ይይዛል። ከዚህ ሌላ የተሳሳተ ሰው ወዲያው የሚታየው፣ እስከ 200 ፊደል የሚይዝ የማብራሪያ ቦታ አለ። አብዛኛው ሰው ይህን ቦታ ባዶ ይተወዋል፤ ከኩዊዙ ግማሽ ጥቅሙ ያለው ግን እዚያ ላይ ነው።

ሁለት ነገር እዚህ ላይ ይበላሻል። የመጀመሪያው፣ «አኖኒመስ ቮቲንግ» የሚለው ማብሪያ ሳይነኩት በርቶ ነው የሚመጣው። እንደበራ ከተለጠፈ ስንት ሰው እንደተሳሳተ ይታያል፣ ማን ምን እንደመረጠ ግን አይታይም። በአምስት ሰው ቡድን ውስጥ ደግሞ ዋናው ነገር ማን ምን ላይ እንደሳተ ማወቅ ነው፤ ስለዚህ ከመለጠፉ በፊት ያጥፉት። ቻናል ላይ ከሆነ ማጥፋት አይቻልም፤ የጥናት ቡድን በግሩፕ እንጂ በቻናል አይከፈትም የምንለው ለዚህ ነው። ሁለተኛው፣ ኩዊዝ አንዴ ከተለጠፈ መልሱን ማረም አይቻልም። የመለሰ ሰውም ምርጫውን መልሶ መቀየር አይችልም። መልሱ ተሳስቶ ከገባ ያለው መንገድ አጥፍቶ እንደገና መለጠፍ ነው፤ እስከዚያ ግን ሁለት ሦስት ሰው የተሳሳተውን መልስ ይዞ ሄዷል። መከላከያው ቀላል ነው፦ ጥያቄ ያዘጋጀው ሰው ጥያቄውን ያለ መልስ ለአንድ ጓደኛው በግል ይልካል፤ የሁለቱ መልስ ከገጠመ ብቻ ይለጠፋል።

አሁን ወደ ጥያቄው ራሱ። ከሌላ ቻናል ተገልብጦ የመጣ ጥያቄ ብዙ ጊዜ የተሳሳቱት ምርጫዎቹ እንዲሁ የተጻፉ ቁጥሮች ናቸው። የተሳሳተ ምርጫ ግን የታወቀ ስህተት ውጤት መሆን አለበት። የሚከተለውን ይመልከቱ።

አንድ ድርጅት አንዱን ዕቃ በ500 ብር ይሸጣል። ተለዋዋጭ ወጪው ለአንድ ዕቃ 300 ብር፣ የዓመቱ ቋሚ ወጪ 240,000 ብር ነው። ብሬክ ኢቨን (ትርፍም ኪሳራም የሌለበት ነጥብ) ላይ ለመድረስ ስንት ዕቃ ይሽጥ? ምርጫዎቹ 480፣ 800፣ 1,200 እና 600,000 ይሁኑ።

መልሱ 1,200 ነው፤ 240,000ን ከእያንዳንዱ ዕቃ በሚተርፈው 200 ብር ማካፈል ነው። 480 የመረጠ ሰው በመሸጫ ዋጋው አካፍሏል፤ ተለዋዋጭ ወጪውን መቀነስ ረስቷል ማለት ነው። 800 የመረጠ በተለዋዋጭ ወጪው አካፍሏል። 600,000 የመረጠው ስሌቱን ያውቀዋል፤ ብዛት ሲጠየቅ የሽያጩን ብር መለሰ እንጂ። ሦስቱም ተሳስተዋል፣ የሚያስፈልጋቸው ግን ሦስት የተለያየ ነገር ነው። ማብራሪያው ቦታ ላይ ይህን ማስገባት ይቻላል፦ «240,000 ÷ (500 − 300) = 1,200። 480 በዋጋው ማካፈል፤ 800 በተለዋዋጭ ወጪ ማካፈል፤ 600,000 ብር ነው፣ የተጠየቀው ብዛት።» ከ200 ፊደል በታች ነው፤ ቦታ ይተርፋል።

የማስተካከያ ምዝገባ ላይም ይኸው ይሠራል። ጥቅምት 1 ቀን የ12 ወር ኢንሹራንስ 24,000 ብር ተከፍሎ በቅድሚያ የተከፈለ ወጪ ተብሎ ተመዝግቧል፤ ሰኔ 30 ሒሳብ ሲዘጋ ወደ ወጪ የሚዞረው ስንት ነው? ከጥቅምት እስከ ሰኔ ዘጠኝ ወር ነው፤ ወሩ 2,000 ብር ሲሆን 18,000 ይመጣል። 6,000 የመረጠ የቀረውን ከተጠቀምንበት ጋር አቀያይሯል፤ 24,000 የመረጠ ማስተካከያ የሚባለውን ነገር ዘሎታል፤ 16,000 የመረጠ ወር ሲቆጥር ጥቅምትን ትቷታል። በነገራችን ላይ ከውጭ መጽሐፍ የሚገለበጡ ጥያቄዎች ዓመቱን የሚዘጉት በታኅሣሥ መጨረሻ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው። ቀኑን ሳያስተውሉ ወደ ሰኔ 30 መቀየር የወሩን ቁጥር ስለሚያፋልስ መልሱ አብሮ መቀየር አለበት።

የማኔጅመንት ልጆች ደግሞ ሌላ ችግር አለባቸው፤ ጥያቄያቸው ሽምደዳ ይሆናል። «ከሚከተሉት ሃይጂን ፋክተር የሆነው የቱ ነው?» ከማለት፣ «ደመወዝ ተጨመረ፤ ቅሬታው ቀረ፣ የሥራ ፍላጎቱ ግን እንደ ነበረ ነው፤ ይህን የሚያስረዳው የማን አስተሳሰብ ነው?» ብሎ ሃይጂን ፋክተርን (ሲጎድል ቅሬታ የሚፈጥር፣ ሲሟላ ግን የሥራ ፍላጎት የማይጨምር ነገር) ያመጣውን ሄርዝበርግን ከሌሎቹ የሥራ ተነሳሽነት ንድፈ ሐሳብ ባለቤቶች ከማስሎና ከቭሩም ጋር ማሰለፍ ይሻላል። ፈተናው ላይ የሚመጣውም ብዙ ጊዜ በሁኔታ ተሸፍኖ ነው።

አንድ አንድ እያሉ ከመለጠፍ አልፎ ሃያ ጥያቄ በአንድ ላይ ለመፈተን የቴሌግራሙ የራሱ ኩዊዝ ቦት አለ። አዲስ ኩዊዝ ይከፍታሉ፣ ርዕስ ይሰጡታል፣ ጥያቄዎቹን በተራ ይልካሉ፣ ሲያበቁ ለእያንዳንዱ ጥያቄ የሚፈቀደውን ጊዜ ይመርጣሉ። ምርጫው ከ10 ሰከንድ እስከ 5 ደቂቃ ነው። ለኦዲቲንግና ለማኔጅመንት ንድፈ ሐሳብ 45 ሰከንድ በቂ ነው። ለኮስት አካውንቲንግ ስሌት 2 ደቂቃ ይስጡ። ግሩፕ ውስጥ ሲጀመር ቢያንስ ሁለት ሰው ዝግጁ ነኝ ማለት አለበት፤ መጨረሻ ላይ ደረጃ ያወጣል። ነጥብ እኩል ሲሆን የፈጠነው ስለሚቀድም አንዳንድ ልጅ ስሌቱን ትቶ በግምት መንካት ይጀምራል። ይህን ካያችሁ ጊዜውን አርዝሙት፤ ደረጃውንም ከቁም ነገር አትቁጠሩት።

ጥያቄዎቹን ልከው ሲያበቁ ኩዊዝ ቦቱ ጥያቄና ምርጫ ይበወዝ ወይ ብሎ ይጠይቃል። ጥያቄውን መበወዝ ጥሩ ነው። ምርጫውን ከመበወዝ በፊት ግን «ሁሉም መልስ ናቸው» ወይም «ሀ እና ለ» የሚል ምርጫ የለም ወይ ብሎ ማየት ያስፈልጋል። ከተበወዘ «ሁሉም መልስ ናቸው» ከላይ ቁጭ ይላል፣ «ሀ እና ለ» ደግሞ ትርጉም ያጣል። እንዲህ ዓይነት ምርጫ ካለ ጥያቄዎቹን ብቻ ማስበወዝ ይቻላል።

ሌላው የኩዊዝ ቦት ጥቅም ድገማ ነው። ተራውን ፖል ከሦስት ቀን በኋላ ፎርዋርድ ቢያደርጉት ያው ፖል ነው፤ ያኔ የመለሰው ሰው አሁንም እንደመለሰ ሆኖ ነው የሚታየው፣ እንደገና መፈተን አይችልም። በኩዊዝ ቦት የተሠራውን ግን እንደገና ማስጀመር ይቻላል። አንድ ምዕራፍ በተጠና በሦስተኛው ቀን፣ ከዚያ በሳምንቱ መድገም ልማድ ይሁን። ሰንጠረዥ ያለበት ጥያቄ 255 ፊደል ውስጥ ስለማይገባ ትራያል ባላንሱን (የሒሳቦቹን ቀሪ የሚዘረዝረውን ሰንጠረዥ) በፎቶ ከጥያቄው አስቀድሞ መላክ ነው፤ ቦቱ ይህን ይፈቅዳል።

ለአምስት ሰው የሚመቸው አሠራር እንዲህ ነው። ኮርሶቹ ይከፋፈላሉ፦ አንዱ ፋይናንሻል አካውንቲንግ፣ አንዱ ኮስትና ማኔጅመንት አካውንቲንግ፣ አንዱ ፋይናንሻል ማኔጅመንት፣ አንዱ ኦዲቲንግ፣ አንዱ ታክስና የመንግሥት ሒሳብ። የቀኑ ምዕራፍ የደረሰው ሰው ስምንት፣ ሌሎቹ ሦስት ሦስት ጥያቄ ያወጣሉ፤ 20 ይሆናል። ማታ 2 ሰዓት ላይ ኩዊዙ ይጀመራል፤ በጥያቄ አንድ ደቂቃ ከተያዘ ከ20 ደቂቃ አያልፍም። ከዚያ ሁለትና ከዚያ በላይ ሰው የሳተው ጥያቄ ላይ ብቻ በድምፅ ቻት ይነጋገራሉ። አንድ ሰው ብቻ የሳተውን ያ ሰው ከጥያቄው ባለቤት ጋር ለብቻው ይጨርሰው። ሁሉንም ጥያቄ ለሁሉም ማስረዳት የተጀመረበት ምሽት እኩለ ሌሊት ድረስ ይሄዳል፤ በማግስቱ ሁለት ሰው ይቀራል።

ድምፅ ቻቱ የጊዜ ገደብ ስለሌለው ለዚህ ይመቻል። ነፃው ዙም 40 ደቂቃ ላይ ያቋርጣል፣ ነፃው ጉግል ሚትም ሦስትና ከዚያ በላይ ሰው ሲሆን 60 ደቂቃ ላይ። ስክሪን ማጋራትም አለው፤ ግን የስልክ ስክሪን ላይ የተጋራ የኤክሴል ሰንጠረዥ ለማንበብ ዓይን ይፈትናል፣ ዳታም ይበላል። ድምፅ ብቻ ይዞ ሁሉም የራሱ ወረቀት ላይ ቢሠራ ይሻላል።

እዚህ ላይ የመተግበሪያው ድክመት ይጀምራል። ጆርናል ኢንትሪ በጽሑፍ ለመላክ ሲሞከር የዴቢትና የክሬዲት ዓምዱ ይፈርሳል። የኮድ መጻፊያው ቅርጽም ለአማርኛ አይረዳም፤ የግዕዝ ፊደላት ወርዳቸው እኩል ስላልሆነ ዓምዱ አይሰለፍም። ባለ ካሬ ደብተር ላይ በእጅ ሠርቶ ፎቶ ማንሳት ነው መፍትሔው። ፎቶውን ደግሞ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ይላኩት፤ እንደ ፎቶ ከተላከ ይጨመቅና በእርሳስ የተጻፈ 3 ቁጥር 8 ይመስላል። ኮንሶሊዴሽን ወይም ፕሮሰስ ኮስቲንግ የመሰለ ገጽ ሙሉ የሚወስድ ሥራ ግን በቴሌግራም አብሮ መሥራት አይቻልም ብለን ነው የምንደመድመው። ለዚያ በሳምንት አንዴ በአካል መገናኘት ያስፈልጋል።

የድምፅ መልእክት ሌላው ችግር ነው። ስለ ዲፈርድ ታክስ የተላከ የሰባት ደቂቃ ድምፅ ያኔ ሁሉም ያመሰግንበታል፤ በፈተናው ዋዜማ ግን ማንም አያገኘውም፣ ምክንያቱም ድምፅ ውስጥ ያለውን ነገር ፈልጎ ማግኘት አይቻልም። ከሁለት ደቂቃ የሚበልጥ ድምፅ የላከ ሰው ከሥሩ አንድ መስመር ርዕስ ይጻፍ።

ፍለጋው ራሱ ለአማርኛ ጸሐፊ ወጥመድ አለው። አንዱ «ሒሳብ»፣ ሌላው «ሂሳብ» ብሎ ይጽፋል፤ አንዱን ሲፈልጉ ሌላው አይመጣም። «ዕዳ»ና «እዳ»፣ «ሠራተኛ»ና «ሰራተኛ»ም እንዲሁ። ቡድኑ በመጀመሪያው ቀን ለየኮርሱ አንድ አንድ የሃሽታግ አጻጻፍ ተስማምቶ ከላይ ፒን ቢያደርግ ብዙ ይድናል። ከዚህ የሚሻለው «ቶፒክስ»ን ማብራት ነው፦ የግሩፑን ማስተካከያ ከፍቶ ቶፒክስ ሲበራ ለየኮርሱ ለብቻው ክፍል ይኖረዋል። ቀልዱና «ነገ ክፍል አለ ወይ» የሚለው በዋናው ክፍል ይቀራል፣ ኦዲቲንጉ ለብቻው ንጹሕ ሆኖ ይቆያል።

ፋይሉስ? ቴሌግራም በነፃ እስከ 2 ጊጋባይት የሚደርስ ፋይል ይቀበላል፣ ደመና ላይ ስለሚያስቀምጠውም ስልክ ቢጠፋ አይጠፋም። ፕሪሚየም ቢከፈልበት 4 ጊጋባይት ይሆናል፤ ለጥናት ቡድን አያስፈልግም፣ ገንዘባችሁን ለፎቶ ኮፒ አውሉት። ችግሩ የሚመጣው ከዚሁ ቅለት ነው። ማንም ሳያየው ከግሩፕ ግሩፕ ሲተላለፍ የኖረ ፒዲኤፍ ውስጥ ጊዜው ያለፈበት ነገር አለ። ሦስት ምሳሌ እንስጥ።

የሥራ ግብር ጥያቄ ላይ ከግብር ነፃ የሆነው ደመወዝ 600 ብር ነው የሚል ፋይል አሁንም ይዞራል። ሕጉ በ2017 ዓ.ም. ተሻሽሎ ከግብር ነፃው የወር ገቢ 2,000 ብር ሆኗል፤ ከዚያ በላይ ያሉት እርከኖችም ተቀይረዋል። በድሮው ሰንጠረዥ የተሠራ መልስ ከላይ እስከ ታች ስህተት ነው። የዕቃ ክምችት ላይ ሊፎን (መጨረሻ የገባው መጀመሪያ ይወጣል የሚለውን ስሌት) በሦስተኛ ዘዴነት የሚያሠራ ወርክሺትም አለ፤ ኢትዮጵያ በአዋጅ ቁጥር 847 የተቀበለችው ዓለም አቀፉ የሪፖርት ደረጃ ግን ሊፎን አይፈቅድም፤ የዕቃ ክምችቱ ደረጃ አይ ኤ ኤስ 2 ያስቀመጠው ፊፎን (መጀመሪያ የገባው መጀመሪያ ይወጣል) እና አማካይ ዋጋን ነው፣ ተለይተው ለሚታወቁ ዕቃዎች ደግሞ የየራሳቸውን ዋጋ። የአሜሪካ መጻሕፍት ሊፎን ስለሚያስተምሩ ስሌቱን ማወቅ አይከፋም፤ ጥያቄው በየትኛው ደረጃ እንደተጠየቀ ግን ከላዩ ይጻፍ። ሦስተኛው ሊዝ፣ ማለትም የኪራይ ውል፣ ነው። ኦፕሬቲንግ ሊዝን ተከራዩ ኪራይ ወጪ ብቻ አድርጎ ይመዘግባል የሚለው ከአይ ኤፍ አር ኤስ 16 (ከአዲሱ የሊዝ ደረጃ) በፊት የነበረ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ ተከራዩ የመጠቀም መብቱን እንደ ሀብት፣ የሚከፍለውን ደግሞ እንደ ዕዳ ያስገባል፤ 12 ወርና ከዚያ በታች የሆነ ወይም አነስተኛ ዋጋ ያለው ዕቃ ኪራይ ሲሆን ብቻ መተው ይችላል።

ስለዚህ ለግሩፑ አንድ ደንብ እናዝዛለን፦ ፎርዋርድ የተደረገ ፋይል ወይም ጥያቄ፣ ያመጣው ሰው ራሱ ሠርቶ ካላየው አይለጠፍም። ፋይሉ ሲለጠፍም ስሙ ይስተካከል፦ ኮርስ፣ ምዕራፍ፣ ዓመት። «ፋይናል የመጨረሻው አዲስ» የሚል ፋይል አራት ሲሆን የትኛው አዲስ እንደሆነ ላኪውም አያውቅም።

ፈተና ሲቃረብ «የኤግዚት ኤግዛሙ ወጥቷል» እያሉ ገንዘብ የሚጠይቁ ቻናሎች ይመጣሉ። የሚያሳምኑበትን ዘዴ ማወቅ ይጠቅማል። ከፈተናው በፊት በነበረ ቀን የተለጠፈ መልእክት ያሳያሉ፣ ውስጡም እውነተኛው ጥያቄ አለ። ቴሌግራም ላይ ግን የቻናል ባለቤት የድሮ ጽሑፉን ከፍቶ ይዘቱን መቀየር ይችላል፤ ቀኑ የመጀመሪያው እንደሆነ ይቀራል። ከሰዓቱ አጠገብ «ኤዲትድ» የምትል ትንሽ ቃል ካለች ነገሩ ያ ነው። ከእንዲህ ዓይነቱ ይልቅ ለየትምህርት ክፍሉ የተዘጋጀውን ብሉፕሪንት (የፈተናውን ይዘት ዝርዝር) ፒን አድርጎ ከየኮርሱ ምን እንደሚጠበቅ እያዩ ጥያቄ ማውጣት ነው። ትልልቅ ግሩፕ ውስጥ የምትገቡ ከሆነ ደግሞ በፕራይቬሲ ማስተካከያ ስልክ ቁጥራችሁን «ማንም» እንዳያየው አድርጉ። በተለይ ሴት ተማሪዎች ከማያውቁት ሰው የሚመጣ መልእክት ይበዛባቸዋል።

አንኪ የሚባለው የመከለሻ ካርድ መተግበሪያ ከዚህ ጋር እንዴት ነው የሚል ካለ፣ ለብቻ ለመከለስ አንኪ ይበልጣል፤ ድገማውን ራሱ ይቀምራል፣ በኮምፒውተርና በአንድሮይድ ነፃ ነው። በአይፎን ግን ይከፈልበታል፣ ጓደኛ የት እንደሳተም አያሳይም። ሁለቱን አብሮ መጠቀም ይቻላል፦ ማታ ኩዊዙ ላይ የሳታችሁትን ብቻ ወደ አንኪ ማስገባት።

ዳታን በተመለከተ፣ በሞባይል ዳታ ላይ ቪዲዮና ፋይል በራሱ እንዳይወርድ ከዳታ ማስተካከያው ያጥፉ። ስልኩ ሲሞላ የቴሌግራሙን ካሽ (ስልኩ ላይ የተጠራቀመውን ጊዜያዊ ቅጂ) ማጥፋት አያስፈራም፣ ፋይሎቹ ደመናው ላይ ስላሉ ሲፈለጉ እንደገና ይወርዳሉ። የሚያስፈራው ኔትወርኩ ራሱ የሌለ ቀን ነው። በ2008 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ሰሞን ማኅበራዊ ሚዲያዎች ተዘግተው ነበር፤ በፈተና ሰሞን ሁሉን ነገር ደመና ላይ ትቶ መቀመጥ አይመከርም። ፈተናው ሁለት ሳምንት ሲቀረው አንድ ሰው ኮምፒውተር ላይ ቴሌግራም ዴስክቶፕን ይክፈት፣ ግሩፑን ገብቶ ከሦስቱ ነጥብ ሥር «ኤክስፖርት ቻት ሂስትሪ»ን ይምረጥ፣ ፎቶና ፋይል ላይ ምልክት ያድርግ፣ ቪዲዮውን ይተው፣ የፋይሉን መጠን ገደብ ከፍ ያድርግና በኤችቲኤምኤል ያውርደው። ውጤቱ በማንኛውም ብራውዘር ያለ ኢንተርኔት የሚከፈት ፎልደር ነው፤ በፍላሽ ለአምስቱም ይገለበጣል። እዚያ ላይ ፖሎቹ እንደ ጽሑፍ እንጂ እንደሚነካ ኩዊዝ አይመጡም። ስለዚህ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የጥያቄው ባለቤት ከእያንዳንዱ ኩዊዝ ሥር መልሱንና ስሌቱን በተራ መልእክት ቢጽፍ ያኔ አይቸገሩም።